ኮርኒሱ ዝቅ ያለ የሰርቪስ ክፍል ከፍ ብሎ እንዲታይ ምን ላድርግ?

የጉለሌ ተከራይ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ግቢ ጓሮ ከተሠሩ የሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ተከራይቼ የምኖር መምህርት ነኝ። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሲሚንቶው ወለል እስከ ችፑድ ኮርኒሱ ያለው ቁመት 2.20 ሜትር ብቻ ነው፤ ረዘም ያለ እንግዳ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ ኮርኒሱን ይነካዋል። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ክሬም የውሃ ቀለም ተቀብቷል። የኮርኒሱ መጋጠሚያዎች በቀጫጭን ቡናማ እንጨቶች ስለተሸፈኑ ከላይ ያለው ሁሉ በአራት ማዕዘን መስመሮች የተከፋፈለ ነው። ወደ ግቢው የሚከፈት አንድ መስኮት አለኝ፤ መጋረጃው የተሰቀለው ከመስኮቱ ራስ ልክ በላይ ነው። አምፖሉ ከክፍሉ መሃል በገመድ ተንጠልጥሏል። ዕቃዬም ብዙ አይደለም፦ አልጋ፣ መደገፊያው ከፍ ያለ አሮጌ ሶፋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አናቱ ላይ ሻንጣና ካርቶን የተደረደረበት ቁም ሳጥን።

ማታ ማታ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ኮርኒሱ ወደ ራሴ የሚወርድ ይመስለኛል። የአክስቴ ልጅ ዘመናዊ የጂፕሰም ኮርኒስ ከጌጥ መብራት ጋር ሊያሠራልኝ ቃል ገብቷል፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ችፑዱን ነቅሎ መጣልና ክፍሉን እስከ ቆርቆሮው ክፍት ማድረግ ይሻላል ይላል። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው፤ ቀለም እንድቀባና መጋረጃ እንድሰቅል ፈቅደውልኛል፣ ኮርኒሱን ስለ መንካት ግን ገና አልጠየቅኋቸውም። ከየትኛው ብጀምር ይሻላል? ለቀለሙስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ

የተከበሩ መምህርት፣ ክፍሉን በሚገባ ስለገለጹት መልስ ለመስጠት አይከብድም። እርስዎን የሚጫንዎት የኮርኒሱ ዝቅ ማለት ብቻ አይደለም። በክፍልዎ ውስጥ ቁመቱን የሚቆርጡ አግድም መስመሮች በዝተዋል፦ ወገብ ላይ የሚያልፈው የአረንጓዴና የክሬም ድንበር፣ በመስኮቱ ራስ ላይ የሚያልቀው መጋረጃ፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የቁም ሳጥኑ አናት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኮርኒሱ ቡናማ እንጨቶች። ዓይን ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲሄድ በእያንዳንዱ መስመር ላይ እየቆመ ስለሚያልፍ፣ አጭር የሆነው ግድግዳ በይበልጥ ያጥራል። ስለዚህ ገንዘብዎን ኮርኒሱን በማስጌጥ ላይ ከማፍሰስዎ በፊት እነዚህን መስመሮች አንድ በአንድ ያጥፉ።

በቀለሙ ይጀምሩ። ግድግዳውን ከዞኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ ካለው ጠርዝ) ጀምሮ እስከ ኮርኒሱ ድረስ በአንድ ፈዛዛ ቀለም፣ ኮርኒሱንም ከነእንጨቶቹ በነጭ ያስቀቡት። ነገር ግን የውሃ ቀለም በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ላይ በቀጥታ ከተቀባ አይይዝም፤ ጥቂት ቆይቶ እንደ ቆዳ እየተላጠ ይወርዳል። አረንጓዴው ክፍል በመጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ማብረቅረቁ መጥፋት፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ፣ ከዚያም ማያያዣ የመጀመሪያ ቀለም መቀባት አለበት። ቀቢው ይህን ልዝለለው ቢልዎ አይስማሙ፤ የሥራው ዕድሜ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ምክር በግምት ይሰጣል፤ በሙከራ የተፈተነም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ በጀርመን የማይንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ሰዎች በኮምፒዩተር የተሠሩ ክፍሎችን እያዩ ቁመታቸውን እንዲገምቱ አድርጎ ነበር። ውጤቱ እንዳሳየው ኮርኒሱ ነጣ ሲል ክፍሉ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ግድግዳው ነጣ ሲልም እንዲሁ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ ውጤታቸው ይደመራል። ኮርኒሱ ከግድግዳው እጅግ የተለየ መሆን አለበት የሚለው የተለመደ አስተያየት በዚህ ጥናት ድጋፍ አላገኘም። የወለሉ ቀለምም በቁመቱ ግምት ላይ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ምንጣፍ ሲገዙ ቆሻሻ የማያጋልጠውን፣ ደስ የሚልዎትን ይምረጡ፤ ወለሉ የግድ መንጣት አለበት ብለው አይጨነቁ።

ባለ ቁመት መስመር የግድግዳ ወረቀት እንዲለጥፉ የሚመክርዎት ሰውም አይጠፋም። እኔ ግን ገንዘብ አላወጣበትም። ሄልምሆልዝ የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት በ19ኛው መቶ ዘመን እንዳስተዋለው፣ በአግድም መስመሮች የተሞላ አራት ማዕዘን፣ በቁም መስመሮች ከተሞላው እኩያው ይልቅ ረዝሞ ይታያል። ይህ በወረቀት ላይ ስለተሣለ ቅርጽ የተነገረ እንጂ ስለ ክፍል አይደለም፤ ሆኖም የቁም መስመር ሁልጊዜ ያስረዝማል የሚለው እምነት የሚመስለውን ያህል ጽኑ እንዳልሆነ ያሳያል። በአንጻሩ ልሙጥ ግድግዳ ማንንም አያሳስትም።

ከቀለሙ ቀጥሎ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው መጋረጃው ነው። የመጋረጃውን ብረት ከመስኮቱ ራስ ላይ አንሥተው ከኮርኒሱ ሥር ያስጠጉት፤ በሁለቱም ጎን ከመስኮቱ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፤ ጨርቁም ወለሉን ሊነካ እስኪቃረብ ይውረድ። እንዲህ ሲሆን መጋረጃው ሲከፈት የመስኮቱን መስታወት አይሸፍንም፣ ብርሃን አይቀንስም፣ የመስኮቱም ትንሽነት አይታወቅም። የጨርቁ ቀለም ከግድግዳው ጋር የተቀራረበ ቢሆን ይሻላል። ብረቱን ለመስቀል ብሎኬቱን ሲያስበሱ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) የብሎኬቱን ባዶ ሆድ ብቻ እንዳያገኝ ይጠንቀቁ፤ ብረቱን በችፑዱ ላይ ለማሰር የሚፈልጉ ከሆነም ከኋላው ያለው ሞራሌ (ችፑዱ የተመታበት እንጨት) ያለበትን ቦታ ያስፈልጉ፣ ችፑዱ ብቻውን ብሎን አይችልምና።

ቁም ሳጥኑን በተመለከተ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ቀለሙን ከግድግዳው ጋር አንድ አድርገው ከአናቱ እስከ ኮርኒሱ ያለውን ክፍተት በተመሳሳይ ጣውላ መዝጋትና ሻንጣዎቹን ከውስጥ ማኖር፣ ወይም ደግሞ ዝቅ ባለ፣ መሳቢያ ባለው ሣጥን መለወጥ። ከኮርኒሱ በታች ጥቂት ክፍተት ትቶ በላዩ ካርቶን የተጫነበት ቁም ሳጥን ግን የክፍሉን ዝቅተኛነት የሚናገር ነገር ነው። መስታወት ካለዎት ረጅሙን ወለል ላይ አቁመው መስኮቱን እንዲያሳይ ያድርጉት፤ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ኮርኒሱን የሚያሳይ መስታወት ለማየት የማይፈልጉትን ነገር በእጥፍ ያሳይዎታል።

የፊኒሺንግ ሥራ ባለሙያ

ጂፕሰምን በተመለከተ እኔ ልናገር፤ ዕለት ዕለት የምሠራው ሥራ ነውና። መምህርት፣ የአክስትዎ ልጅ ስለ አሰበልዎ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ነገር ግን ይህን ስጦታ ለሌላ ክፍል ያቆዩት። የጂፕሰም ቦርድ የሚሰቀለው በቆርቆሮ ፍሬም ላይ ነው፤ ፍሬሙ፣ ማንጠልጠያውና ቦርዱ አንድ ላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳሉ። መብራቱ የሚደበቅበት ባለ እርከን ጌጥ ከተጨመረ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ከ2.20 ሜትር ላይ 15 ሲቀነስ የሚቀረው 2.05 ሜትር ነው። የበርዎ መቃን እንደ ብዙዎቹ በሮች 2.10 ሜትር ከሆነ ኮርኒሱ ከበሩ ራስ በታች ወረደ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ጌጥ አይሸፍነውም።

እዚህ ከተማ በኮንዶሚኒየም ቤቶችም በየጊዜው የማየው ነገር ስለሆነ ከልቤ ያሳዝነኛል። ባለቤቱ ቁልፉን ተረክቦ ለዓመታት ካጠራቀመው ገንዘብ ላይ ቆርሶ፣ ከኮንክሪቱ ሥር ክብ በክብ ላይ የተደራረበ ጂፕሰም ያሠራል፤ በመሃሉም ትልቅ ቻንደሌር ያንጠለጥላል። ፎቶው ሲታይ ያምራል፤ ሳሎኑ ውስጥ ሲቀመጡ ግን ቀድሞ የነበረው አየር የለም። ኮንክሪቱን በስቱኮ አስተካክሎ ነጭ ቀለም መቀባት ርካሽ ነው፣ አንዲት ሳንቲ ሜትርም አይወስድም። ደንበኞቼን እንዲህ ስላቸው ሥራ እንደጠላሁ የሚቆጥሩኝ አሉ፤ እኔ ግን የሰው ገንዘብ ቁመቱን እየቀነሰ እንዲሄድ አልፈልግም።

ችፑዱን ነቅሎ መጣሉ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ኮርኒሱ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በቆርቆሮው እና በእርስዎ መካከል ያለውን አየር የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከተነሣ ቀን ፀሐይ ሲመታው ቆርቆሮው ሙቀቱን በቀጥታ ያወርድብዎታል፤ ሌሊት ደግሞ ቅዝቃዜው ይገባል፤ ከአተነፋፈስዎና ከሚያበስሉት ምግብ የሚነሣው እርጥበት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውሃ ተለውጦ ጠዋት በአልጋዎ ላይ ይንጠባጠባል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲወርድ ከሚሰማው ድምፅ የተነሣ ፈተና ማረም ይቅርና መነጋገርም አይቻልም። ከችፑዱ በላይ የተዘረጉ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም ሊኖሩ ይችላሉ፤ መጋጠሚያቸው በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መካከለኛው መንገድ ግን አለ። የሰርቪስ ቤት ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ክንፍ ነው፤ በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላ በኩል ዝቅ ይላል። ኮርኒሱ ዝቅ ባለው ጎን ልክ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለተመታ፣ ከፍ ባለው ጎን ከላዩ ብዙ ባዶ ቦታ ተዘግቶ ይቀራል። አከራይዎ ከፈቀዱ ችፑዱ ተነሥቶ የጣሪያውን ተዳፋት ተከትሎ በሞራሌዎቹ ሥር እንደገና ሊመታ ይችላል፤ ከቆርቆሮው ጋር ሳይገናኝ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል፤ አቅም ካለ በመካከሉ ሙቀት የሚከላከል ፎም ይገባበታል። ከፍተኛው ጎን በመስኮቱ በኩል ከሆነ ክፍሉ ፈጽሞ ይለወጣል። ይህ ግን የቤቱ ሀብት ሆኖ የሚቀር ሥራ ስለሆነ፣ ወጪው ከኪራይ የሚታሰብ መሆን አለመሆኑን ከአከራይዎ ጋር አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። ሥራው ሲጀመር ሽቦውን የሚያይ ኤሌክትሪሺያን አብሮ ይገኝ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ ከአገር ቤት የመጣን ብዙዎቻችን ኑሮ የምንጀምረው በሰው ቤት ከመሬት በታች ባለ ክፍል (ቤዝመንት) ነው፤ ስለዚህ የዝቅተኛ ኮርኒስ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ሕንፃ ደንብ ለሰው መኖሪያ የሚሆን ክፍል ቢያንስ 7 ጫማ፣ ማለትም 2.13 ሜትር ከፍታ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ የእርስዎ ክፍል ከዚያ በጥቂቱ ይበልጣል። እዚህ በኮርኒሱ ሥር የአየር ማስተላለፊያ ቱቦዎች ስለሚያልፉ አንዳንዱ ቦታ ከዚያም ያንሳል።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ መጨመር የምፈልገው ስለ መብራት ነው፣ ማታ ማታ ኮርኒሱ የሚወርድ ይመስለኛል ብለዋልና። ቀን የማይሰማዎት ማታ የሚሰማዎት ከሆነ ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ምክንያት አለው ማለት ነው። ከመሃል በገመድ የተንጠለጠለ አምፖል፣ በተለይ ከላዩ ቆብ ካለው፣ ብርሃኑን ወደ ታች ወርውሮ ኮርኒሱን ጥላ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ጥግ ጥጉም ይጨልማል። ጨለማ ያለበት ወገን ሁሉ የቀረበ ይመስላል። የመሃሉን አምፖል ገመዱን አሳጥረው ከኮርኒሱ ጋር በተለጠፈ ጠፍጣፋ የኤልኢዲ መብራት ይለውጡት፤ ከዚያም በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ትንንሽ መብራቶችን ያስቀምጡ። አንዱ በቁም ሳጥኑ ወይም በመደርደሪያው ጥግ ሆኖ ብርሃኑን ወደ ግድግዳውና ወደ ኮርኒሱ ይላክ፤ ሌላው በጠረጴዛዎ ላይ ለሥራ ይሁን። ወደ ላይ የሚያበራው ለኮርኒሱ እጅግ ከቀረበ አንድ ደማቅ ክብ ብቻ ይፈጥራል፤ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ዝቅ ሲል ብርሃኑ ይሰፋል። ችፑድ በቀላሉ የሚቃጠል ነገር ስለሆነ የሚግል አሮጌ አምፖል አያስጠጉበት።

ለማረፊያ ሰዓት 2700 ወይም 3000 ኬልቪን ተብሎ የተጻፈበትን ሞቅ ያለ ብርሃን፣ ለማረሚያው ጠረጴዛ ግን 4000 አካባቢ ያለውን እመርጣለሁ። በየሱቁ የሚሸጠው 6500 የሚለው ሰማያዊ ነጭ ብርሃን ግን ለመኖሪያ ክፍል አይመከርም፤ ነጭ የተቀባውን ግድግዳ ሁሉ የሆስፒታል ያስመስለዋል።

የጉለሌ ተከራይ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የበሩን መቃን ለካሁት፤ በእርግጥም 2.10 ሜትር ነው፣ ስለዚህ የጂፕሰሙ ነገር ቀርቷል። የአክስቴ ልጅም በዚያ ገንዘብ ፈንታ ቀለሙንና መጋረጃውን ሊሸፍንልኝ ተስማምቷል። ተዳፋቱን ተከትሎ ስለ መሥራት አከራዬን አነጋግራለሁ።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ሶፋውን ዝቅ ባለ መቀመጫ ልለውጥ አስቤያለሁ፤ ነገር ግን እናቴ ለበዓል ስትመጣ ጉልበቷ ስለሚያማት ከዝቅተኛ ነገር ላይ መነሣት አትችልም። ደግሞም በምሥራቁ ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር የሰቀልኳቸው ሥዕለ አድኅኖ አሉኝ፤ ከጎናቸውም የቤተሰቡ የምርቃት ፎቶዎች በተከታታይ ተሰቅለዋል። ሥዕሎቹን ማውረድ አልፈልግም።

ከሐረር

እህቴ፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በሐረሪ ቤት ሰው የሚቀመጠው በዋናው ክፍል ዙሪያ በእርከን በተሠሩት፣ ነደባ በሚባሉ አምስት ከፍ ያሉ መቀመጫዎች ላይ ምንጣፍና ትራስ አድርጎ ነው፤ ዕቃውም በአብዛኛው በግድግዳው ውስጥ በተቀረጹ ትንንሽ መስኮት መሰል ቦታዎች ስለሚቀመጥ ወለሉ ነጻ ይሆናል። በደጋው አገር ቤት ያለው መደብም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ከተማ ገብተን ከባዱንና መደገፊያው ረጅም የሆነውን ሶፋ በጠባብ ክፍል ውስጥ ማስገባታችን ነው ክፍሉን የሞላብን።

ስሌቱም ቀላል ነው። በ45 ሳንቲ ሜትር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለሉ በግምት 1.20 ሜትር ላይ ይሆናል፤ በ25 ሳንቲ ሜትር መቀመጫ ላይ ሲሆን ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ። ለሚኖርበት ሰው ኮርኒሱ በ20 ሳንቲ ሜትር ራቀ ማለት ነው፤ ይህን ያህል በግንባታ ለማግኘት ብዙ ያስወጣል። ስለዚህ በአንዱ ግድግዳ ሥር ረዘም ያለ ዝቅተኛ መቀመጫ በፍራሽና በመከዳ ያዘጋጁ፤ ለእናትዎ ግን መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው፣ መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ እግሮቹ ቀጭን የሆኑ አንድ ጥሩ ወንበር በመስኮቱ አጠገብ ይኑር። አንድ ወንበር ክፍሉን አያጠበውም፣ እናትም በክብር ትቀመጥበታለች። አልጋውንም ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፍራሹን በሲሚንቶው ላይ በቀጥታ አያንጥፉት፣ በክረምት እርጥበቱ ከሥር ይይዘዋል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ጣውላው ክፍተት ያለው አልጋ ይበቃል።

ሥዕሎቹን አያውርዱ። የክብር ቦታቸው ላይ ይሁኑ፤ እንዲያውም ብቻቸውን ሲሆኑ ይበልጥ ይከበራሉ። ማውረድ ያለብዎት ፎቶዎቹን ነው። የፍሬሙ መሃል ከወለሉ 1.45 ሜትር አካባቢ እንዲሆን አድርገው ይስቀሏቸው፤ ዝቅ ብለው የሚቀመጡበት ግድግዳ ላይ ከሆነ ጥቂት ቢወርዱም ይሻላል። ከፍ ብለው ከኮርኒሱ ሥር ሲደረደሩ እንግዳው አንጋጦ ስለሚያይ ዓይኑ የሚያርፈው በኮርኒሱ ላይ ነው።

ስለ ቡናው ስላልጠየቁ ነው እንጂ ሳልናገር አላልፍም። እናትዎ ሲመጡ ረከቦቱ መዘርጋቱ፣ ዕጣኑም መጤሱ አይቀርም። በዝቅተኛ ክፍል ጭሱ የሚያርፍበት ቦታ ቅርብ ስለሆነ አዲሱ ነጭ ኮርኒስ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቀቢውን በእርጥብ ጨርቅ የሚታጠብ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም ለኮርኒሱ እንዲጠቀም ይንገሩት፤ የሚያብረቀርቀው የችፑዱን ጉብታ ሁሉ ያሳያል። ከሰሉን ግን ከደጅ ያቀጣጥሉ፣ ቡናው እስኪያልቅም በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁኑ። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዛማ ጋዝ አለበት፤ አየሩ ጥቂት በሆነ ክፍል ውስጥ ሰውን ሳያውቀው ይገድላል። ብርዱ ቢበረታም ምድጃውን ከውስጥ አድርገው በሩን ዘግተው አይተኙ።